መልክዐ ቦሌ

በአማርኛ የአንድን አገር ተራራና ወንዝ፣ ሜዳና ገደል ጠቅልሎ የሚጠራው ቃል «መልክዐ ምድር» ነው፤ ቃሉ ዛሬ በጂኦግራፊ መማሪያ ውስጥ እንደ ማንኛውም የሙያ ቃል ይነበብ እንጂ የመጀመሪያው ክፍሉ ከድርሰት ጋር ያለው ዝምድና ጥብቅ ነው። «መልክዕ» በግእዝ መልክ፣ ገጽታ ማለት ሲሆን የአንድ ራሱን የቻለ የምስጋና ድርሰት መጠሪያም ነው፤ መልክዐ ማርያም፣ መልክዐ ኢየሱስ፣ መልክዐ ሚካኤል እየተባለ የሚታወቀው ይህ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቤት የሚመቱ አምስት አምስት ስንኞች ባሏቸው አርኬዎች (አርኬ የመልክዕ አንቀጽ መጠሪያ ነው) እየተከፈለ፣ የሚመሰገነውን ቅዱስ ከራስ ጠጉሩ ጀምሮ በቅንድቡ፣ በዐይኑ፣ በከንፈሩ፣ በክንዱ በኩል እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ፣ ለእያንዳንዱ ብልት ሰላምታ እያቀረበ ይወርዳል። መልክዐ ምድር የሚለውን ቃል ከዚህ ዝምድናው ሳይነጥል የሚሰማ ሰው ምድርን ከሩቅ እንደሚታይ ትእይንት ብቻ ሊያያት አይችልም፤ በየብልቷ ሰላም ልትባል የሚገባት አካል ትሆንበታለች።

ጥያቄው እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰላምታ ለምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ማለትም ለቦሌና ከቦሌ ጋር ለተያያዙት ለየካ፣ ለገርጂ፣ ለጉርድ ሾላ፣ ለሲኤምሲ፣ ለአያትና ለቡልቡላ ሊደረስ ይችላል ወይ የሚል ነው። በኪነ ጥበብ ሰዎች ጨዋታ መካከል አዘውትሮ የሚሰማው መልስ አይቻልም የሚል ነው፤ ቦሌ አስፋልትና መስታወት፣ አውሮፕላን ማረፊያና የገበያ ሕንፃ እንጂ መልክዐ ምድር የለውም፣ ነዋሪውም ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ስለሆነ የራሱን ሥነ ቃል፣ ማለትም ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ተረት፣ አባባል፣ ግጥምና ልማድ፣ አላፈራም ይባላል። ይህ አስተያየት ቦሌ ምን እንዳለው ከመሳቱ በፊት ቦታ ለፈጠራ ሥራ የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ የሳተ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መረዳት አያስቸግርም። የዘመናዊው ሥነ ጽሑፍና ሥነ ሥዕል ታላላቅ ስሞች ሲነሡ የትውልድ ቀያቸው አብሮ ይነሣል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ሲባል እንዶዳምና ጎጃም፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሲባል ቦዳና አምቦ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሲባል ሐረር ይታሰባሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብርም የጎጃምን የባላባትና የጭሰኛ ኑሮ፣ የቅኔ ቤቱንና የሹማምንቱን አዳራሽ በዝርዝር ስለሚያሳይ፣ አንባቢው ድርሰትን የደራሲው አገር ሥዕል አድርጎ የማየት ልማድ ይዞ ቀርቷል፤ በዚህ ልማድ የተመዘነ እንደሆነ ደግሞ ገደልና ፏፏቴ የሌለው ሰፈር ለደራሲ የሚሰጠው አንዳች ነገር የለም። አገርኛው ትውፊት ራሱ ግን ስለ ቦታና ስለ ፈጠራ የሚናገረው ከዚህ የተለየ ነው።

በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው የዜማው ሊቅ ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ግንዱን እየወጣች ስትወድቅ፣ ደጋግማ ስትሞክርና በሰባተኛው ስትደርስ እንዳየ፣ ዜማውንም ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች እንዳስተማሩት ትውፊቱ ይተርካል። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩት፣ ዛሬ ከሊቅነታቸው ይልቅ በቀልዳቸው የሚታወቁት የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና ደግሞ ለልጃቸው ለተክሌ ያወረሱትን፣ በልጁም ስም «የተክሌ አቋቋም» የተባለውን የማኅሌት ስልት (አቋቋም ካህናት በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ አካላቸውን እያወዛወዙ ዜማውን የሚያቀርቡበት ሥርዓት ነው) ከጣና ማዕበልና ከሸምበቆ ውዝዋዜ እንደቀዱት ይነገራል። ትረካዎቹ ታሪክ ይሁኑ ተረት ለዚህ ጉዳይ ብዙ አያሳስብም፤ ቁም ነገሩ የሚስማሙበት ነጥብ ነው። ያሬድ ስለ ትሏ አልዘመረም፣ አለቃም የጣናን ውበት በቃል አልሣሉም፤ ከቦታው ወስደው በሥራቸው ውስጥ ያስቀሩት እንቅስቃሴውን፣ የመውጣትና የመውደቁን ድግግሞሽ፣ የውኃውን ሄዶ መመለስ ነው። የቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም በዚሁ በኩል ይመሰክራል፤ ቅዱሳኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት በቢጫ፣ በቀይና በአረንጓዴ በተሞላ ባዶ መደብ ላይ ስለሆነ በስተኋላቸው የሠዓሊው አገር ጋራና ሸንተረር ብዙም አይታይም፤ ሠዓሊው ግን አገር አልባ ነበር የሚል ማንም የለም።

በዘመናችን ደግሞ አዳም ረታ እንጀራን የአጻጻፍ አርአያ አድርጎ «ሕጽናዊነት» ብሎ የሰየመው ስልት የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ በዚህ ስልት ታሪኮች እንደ እንጀራ ዐይኖች ላይ ላዩን ለየብቻቸው የተከፈቱ፣ ከሥር ግን በአንድ ሊጥ የተያያዙ ሆነው ይታሰባሉ። እዚህ ላይ የሚደነቀው ደራሲው እንጀራን በልቦለዱ ውስጥ መግለጹ አይደለም፤ ይህን ማንም ያደርገዋል። እንጀራው የልቦለዱ አጥንት ሆኗል።

ታዲያ ቦሌ የሚሰጠው እንቅስቃሴ የትኛው ነው? መልክዕ ከራስ ቢጀምርም እዚህ ከእግር መጀመር ይሻላል። የቦሌ፣ የገርጂና የሲኤምሲ አካባቢ ምድር በብዛት ዋልካ ነው፤ ዋልካ በክረምት ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ አፉን የሚከፍት ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። ይኸው ጥቁር አፈር የየረርን ተራራ አልፎ ወደ አድአ ሜዳ ሲወርድ በጤፉ የተመሰገነ ሲሆን ቤት ለሚሠራ ሰው ግን ባላጋራ ነው፤ ስለዚህ ግንበኞች ቆፍረው አውጥተው በሌላ አፈር ይተኩታል፣ ይህን ያቃለለ ባለቤት ደግሞ በመስቀል ሰሞን ያልነበረ ስንጥቅ በየካቲት ግድግዳው ላይ ያገኛል። ጤፉን የሚያበቅለውና ግድግዳውን የሚሰነጥቀው እስትንፋስ አንድ መሆኑ የዚህ አካባቢ የመጀመሪያ ምስጢሩ ነው፤ ከአስፋልቱ ሥር ያለው ምድር በየዓመቱ መነፋቱንና መጉደሉን አላቋረጠም።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ በአየር ላይ ነው። የልደታው ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን አጭር ሆኖ በመገኘቱ በ1950ዎቹ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የተከፈተው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሜዳ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ቃሉን ራሱን ከቦታ ስምነት አውጥቶ የድርጊት ስም አድርጎታል። «በቦሌም በባሌም» የሚለው አባባል እንዴትም ተብሎ ከአገር መውጣትን፣ በቦሌ ፓስፖርት ይዞ ወይም በባሌ በእግር ጠረፍ ተሻግሮ መሄድን፣ በሁለት ቃላት የድምፅ ቅርበት የጨበጠ የከተማ ሥነ ቃል ነው፤ ሥነ ቃል የለውም የተባለው ሰፈር ስሙ ራሱ አባባል ሆኖ መገኘቱ አስገራሚ ነው። ውኃው ግን እንደ ሰዉ አይደለም፤ ከእነዚህ ኮረብቶች የሚወርደው ሁሉ በአቃቂ በኩል አዋሽ ገብቶ፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ከአቤ ሐይቅ ይቀራል። ሰው ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፣ ወንዙ ከአገር ሳይወጣ ይደርቃል።

መሄድ በኢትዮጵያ የፈጠራ ትውፊት ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ፣ ማለትም አኩፋዳውን አንግቶ እየለመነ ከደብር ደብር የሚማረው የአብነት ተማሪ፣ ቅኔ የሚቆጥረው ከእናቱ ቤት ርቆ ነው፤ እስክንድር ቦጎሲያን አዲስ አበባ ተወልዶ ከጠልሰም (በክታብ ላይ ለፈውስና ለጥበቃ ከሚሣለው ምስል) ጋር የታገለባቸውን ሥራዎች የሠራው በፓሪስና በዋሽንግተን ነው፤ ገብረ ክርስቶስም በ1973 ዓ.ም. ያረፈው ከሐረር እጅግ ርቆ በኦክላሆማ ነው። በዚህ ትውፊት ሰው ሄዶ ቦታው ባለበት ይቆየዋል፣ ናፍቆትም ከዚህ ቋሚነት ይወለዳል። በምሥራቅ አዲስ አበባ የሆነው ግን ከዚህ የተገለበጠ ነው፤ ሰው ከቤቱ ደጃፍ ሳይነቃነቅ ሜዳው፣ እርሻውና ጅረቱ ጥለውት ይሄዳሉ። እንዲህ ያለው ሰው ሳይሰደድ ስደተኛ ይሆናል፣ ናፍቆቱም የሚመለስበት አድራሻ የለውም። የቦሌ የፈጠራ ሰው ከጎጃሙ ወይም ከሐረሩ የሚለየው ተራራ በማጣቱ ሳይሆን በዚህ ነው።

ጥለው የሄዱት ነገሮች ስማቸውን ትተው ነው የሄዱት። ላም በረት ዛሬ በረት የለውም፤ ሃያ ሁለት ማዞሪያ እዚያ ይዞር ከነበረው የአውቶቡስ ቁጥር፣ ሲኤምሲ ከጣሊያን የግንባታ ኩባንያ ስም እንደወጡ ይነገራል፤ ከሁሉም ሰፈሮች ወጣት ከሚባሉት አንዱ ደግሞ ስሙ አያት ነው። እነዚህን ስሞች በየማለዳው የሚያዜማቸው ወያላው ነው፤ ወያላ የሚኒባስ ታክሲ ረዳት ሲሆን ሥራው በበሩ ተንጠልጥሎ የመውረጃዎችን ስም በተርታ እየጠራ ተሳፋሪ መሰብሰብ ነው። «መገናኛ፣ ጉርድ ሾላ፣ ሲኤምሲ፣ አያት» እያለ ሲወርድ የሚሰማ፣ የመልክዕን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው፣ የከተማዋ አካል ብልት በብልት ሲጠራ ይሰማል፤ ድምፁ የሚነሣበትና የሚወድቅበት ስልት፣ ሦስት ቃል በአንድ እስትንፋስ የሚጣበቅበት ብልኃት ለዜማ አጥኚ ሥራ የሚሰጥ ነው። ወያላው መልክዕ እደርሳለሁ ብሎ አያስብም፤ ያሬድን ያስተማረችው ትልም ስለ ዜማ አታውቅም ነበር።

ይህ ሁሉ ስም ግን በአንድ ቋንቋ አልተሰየመም፣ መልክዐ ቦሌን የሚደርስ ሰው ሁሉ ሊያልፈው የማይገባው በር ይህ ነው። የካ ከኤካ ጎሳ ስም መምጣቱ ይታወቃል፤ በለገ ጣፎና በለገ ዳዲ ውስጥ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው፤ «ቱሉ ዲምቱ» ማለት ቀይ ኮረብታ ነው። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው አድራሻውን በተናገረ ቁጥር አንድ ሙሉ ሥዕል፣ ቀለሙና ቅርጹ የተለየ ኮረብታ፣ ከአፉ እያወጣ ራሱ አያየውም። የቅኔ መምህራን ላይ ላዩ አንድ ነገር ብቻ እየተናገረ ውስጡ ሌላ ታሪክ ያዘለውን ቅኔ «ውስጠ ወይራ» ይሉታል፤ ሽፋኑ የማንም እንጨት መስሎ ውስጡ ግን ጽኑው ወይራ ነው ማለት ነው። የምሥራቅ አዲስ አበባ ስሞች እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ወይራውም በእነዚህ ሜዳዎች ያርሱና ከብት ያግዱ የነበሩ ሰዎች ሕይወት ነው። የከተማዋ መስፋፋት ነገር ምን ያህል መራራ እንደነበር ለመረዳት፣ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ የነበረውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የሚመለከተው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከብርቱ ተቃውሞና ከብዙ ሰው ሕይወት መጥፋት በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙን ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህ ከዚህ ምድር መነሻ ሐሳብ እወስዳለሁ የሚል ባለሙያ የሚወስደው ባለቤት ካለው ነገር መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ስሙን ለጌጥ ወስዶ ትርጉሙን ያልጠየቀ ሥራ፣ ቀለሙ ቢያምር እንኳ፣ ጆሮ የሌለው ሥራ ነው።

የዚህ አካል ራስ፣ ማለትም የየካ ኮረብታ፣ አሁንም ከሩቅ ይታያል፤ ነገር ግን ጠጉሩ የራሱ አይደለም። ኮረብታውን የሚሸፍነው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተተከለ ነው፣ ስሙም ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ሳይደብቅ ይናገራል፤ ሆኖም የአዲስ አበባ ልጅ በሌላ አገር ሆኖ የዚያን ቅጠል ጢስ ቢሸት አገሩ የሚሸተው ይመስለዋል። መልክዐ ምድርን ከጥንት ጀምሮ ንጹሕና ያልተነካ ነገር አድርገው ለሚሰብኩ ሰዎች ይህ ዛፍ በቂ መልስ ነው፤ መጤ የነበረ ነገር በመቶ ዓመት ውስጥ የናፍቆት ሽታ ለመሆን ይችላል። ከባሕር ዛፉ መካከል ያለው ዋሻ ሚካኤል ደግሞ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የአካባቢው ትውፊት ለአብርሃና አጽብሃ ይሰጠዋል፣ አጥኚዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። በድንጋይ ላይ ድንጋይ ሳይጨመር፣ ከነበረው ላይ እየተቀነሰ የተሠራ ሕንፃ መሆኑ ከታች ለሚታየው የግንባታ ጥድፊያ ጎረቤትነቱን እንግዳ ያደርገዋል።

የካን ከሜዳው ጋር የሚያገናኝ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «አድባር» ነው። በግእዝ ደብር ተራራ፣ አድባር ደግሞ ተራሮች ማለት ሲሆን፣ ወደ አማርኛ ሲመጣ ቃሉ የአንድን ቀዬ ጠባቂ መንፈስ፣ መንፈሱም የሚያድርበትን ትልቅ ዛፍ፣ አልፎ ተርፎም ሰፈሩ የሚከበርበትን አዛውንት ለመጥራት ውሏል። በግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ ለማርያም ዕለት፣ ጎረቤታሞች ከቤት ወጥተው ንፍሮ ቀቅለው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ ቡና አፍልተው በደጅ ይቀምሳሉ፤ በደጅ የመሆኑም ምክንያት እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ከቤት ውጭ ስለተወለደች ነው ይባላል። ከሃይማኖት መምህራን መካከል በዕለቱ ለአድባር የሚደረገውን ባዕድ አምልኮ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ፣ ነቀፋቸውም መሠረት የለውም አይባልም። ለዚህ ሐተታ የሚበልጠው ግን ልማዱ ዛፉን አጥቶ መቀጠሉ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ በቦሌ ገርጂ የሙከራ ግንባታ ተጀምሮ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ ቡልቡላና ወደ አራብሳ የተዛመተው ኮንዶሚኒየም ነዋሪውን ያገናኘው በዕጣ ነው፤ በአንድ ብሎክ የሚኖሩ ሰዎች የጋራ አያት፣ የጋራ ምንጭ፣ የጋራ ዋርካ የላቸውም። ሆኖም ግንቦት በባተ ምሽት በሕንፃዎቹ መካከል፣ መኪና በሚቆምበት ንጣፍ ላይ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ የንፍሮ ድስት ሲጣድ፣ የመኪና ማቆሚያው ለሁለት ሰዓት ያህል የሊባኖስን ተራራ ቦታ ይይዛል። አድባር ከሰው በፊት በቦታው የነበረ መንፈስ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ይገለበጣል፤ ሰዎቹ ተሰብስበው በመቀመጣቸው ቦታው አድባር ያገኛል። ፈጠራ ከቦታ ይወለዳል የሚለው አባባልም እንዲሁ ከሌላው ጎኑ ቢታይ ይበልጥ እውነት ነው፣ ቦታም ከፈጠራ ይወለዳልና።

ሠዓልያን ይህን ከጸሐፍት ቀድመው ያዩት ይመስላል። የደሴው ተወላጅ ሮቤል ተመስገን «አድባር» በሚል ስም በሠራቸው ተከታታይ ሥራዎች ይህንኑ እምነት የዘመናዊ ሥዕል ጉዳይ አድርጎታል። አዲስ ገዛኸኝ ደግሞ ከወረቀት ቁራጭና ከቀለም እያጣበቀ የሚያቆማቸው «ተንሳፋፊ ከተሞች» የተደራረቡ ቤቶችና ፎቆች ናቸው፤ ሕንፃዎቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ከሥራቸው መሬት የለም። ሥራዎቹ በ2016 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቦሌ በተከፈተው አዲስ ፋይን አርት በተባለው ጋለሪ በኩል ለዓለም መቅረባቸው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ዋልካውን የሚያውቅ ተመልካች ግን በእነዚያ ሸራዎች ፊት ሲቆም የሚያየው ምናባዊ ከተማ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ በበጋ ከሥሩ ሲሸሽ የግድግዳው ስንጥቅ ያሳየውን የገዛ ሰፈሩን ነው። ሠዓሊው ስለ አፈር ያስብ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። እንቅስቃሴው በሥራው ውስጥ አለ።

መልክዕ የሚባለው ድርሰት አንድ ያልተነሣ ጠባይ አለው፤ እግር ጥፍር ላይ ሲደርስ አያበቃም። ብዙ የመልክዕ ድርሰቶች ከእግር በኋላ ለነፍስ መውጣት፣ ለበድኑ፣ ለተገነዘበት ልብስና ለመቃብሩ ጭምር ለየብቻ ሰላምታ ያቀርባሉ፤ የሞተው ብልት ከሕያዉ ብልት እኩል አርኬ አለው። በምሥራቅ አዲስ አበባ ይህን ቦታ የሚይዘው ጉርድ ሾላ ነው፤ ጉርድ የተቆረጠ፣ ሾላ ደግሞ ዛፉ ሲሆን፣ ሾላ በ2016 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዩኔስኮ በተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ጉባኤ ከሚቀመጥበት ከኦዳ ዛፍ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ሰፈሩ የተሰየመው በቆመው ዛፍ አይደለም፣ በተቆረጠው ነው፤ ሰያሚዎቹ ዛፉን ሳይሆን መጉደሉን ለስም መርጠዋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የቀላል ባቡር መስመር ላይ ከአያት ወደ መገናኛ የሚመጣ ተሳፋሪ ሁለት ጊዜ ያልፈዋል፤ ጣቢያዎቹ ጉርድ ሾላ 1 እና ጉርድ ሾላ 2 ይባላሉ። ከባቡሩ ጎን ባለው መንገድ ወያላው ስሙን ይጠራል፣ ከኋላ ወንበርም አንድ ሰው «ወራጅ አለ» ይላል።